የደረጃው ስምና የደመወዙ ልክ
በእንግሊዝ አገር ወደ ልዩ ትምህርት ቤት በሚዛወሩ ነርሶች የደመወዝ አከፋፈል ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

አንዲት የሆስፒታል ነርስ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ተዛውራ ለመሥራት ስታስብ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው «ደመወዙ ስንት ነው?» ብላ ነው። ጥያቄው ተራ ቢመስልም መልሱ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሥራ የሚወጣው ማስታወቂያ የሥራውን ደረጃና የሙሉ ጊዜ ደመወዙን በጉልህ ይጽፋል። ነርሷ በየወሩ የምትቀበለው ገንዘብ ግን ከተጻፈው ቁጥር በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በማስታወቂያው ላይ የሰፈረው ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን እውነቱን ሁሉ አይናገርም።

ጉዳዩ የአንድ ሙያ ማኅበር አባላት የግል ቅሬታ ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። በጉሮሮው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በኩል የሚተነፍስ ሕፃን ትምህርት ቤት ሊውል የሚችለው የአየር መተላለፊያውን የሚያጸዳለት የሠለጠነ ሰው በአጠገቡ ሲኖር ነው። ነርሷ ካልተገኘች ክፍሉ፣ መምህሩና መጽሐፉ ቢኖሩም ሕፃኑ ከቤቱ አይወጣም። ስለሆነም የነርሷ ደመወዝ የሚወሰንበት አኳኋን የሕፃኑን የመማር መብት በቀጥታ ይነካል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አከፋፈሉን ከሥሩ መርምሮ ጉድለቱ የቱ ላይ እንደሆነ ማሳየት ነው።

1. የአንድ ሕፃን ሁለት መሥሪያ ቤቶች

የችግሩ ምንጭ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1971 ድረስ በእንግሊዝ አገር ከባድ የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያለባቸው ሕፃናት ለትምህርት የማይበቁ ተደርገው ይቈጠሩ ስለነበር ከትምህርት ሥርዓቱ ውጭ ነበሩ። የሚውሉትም በጤና ባለሥልጣናት ሥር በሚተዳደሩ ማሠልጠኛ ማዕከሎችና በሆስፒታሎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የትምህርት ሕግ ይህን አሠራር ሽሮ ከኤፕሪል 1971 ጀምሮ ኀላፊነቱን ለትምህርት ባለሥልጣናት አስረከበ። ከዚያ ወዲህ፣ ጉዳቱ የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን፣ መማር አይችልም ተብሎ በሕግ የሚገለል ሕፃን የለም።

ይሁን እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ እንደገና ሲደራጅ እስከዚያ ድረስ በትምህርት ባለሥልጣናት ሥር የነበረው የትምህርት ቤት ጤና አገልግሎት ወደ ጤናው ዘርፍ ተዛወረ። በዚህም ምክንያት ሕፃኑ ከጤና ወደ ትምህርት በተሻገረበት ዘመን ነርሷ ከትምህርት ወደ ጤና ተሻገረች። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይውላሉ፤ በጀታቸው ግን ከተለያየ ሣጥን ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ ሪፖርቱን አቀረበ። ኮሚቴው ከአምስት ሕፃናት አንዱ በትምህርት ዘመኑ በአንድ ወቅት ልዩ የትምህርት ድጋፍ ሊያስፈልገው እንደሚችል ገለጸ። በ1981 የወጣው ሕግም ይህንኑ አስተሳሰብ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሕፃናትና የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የትምህርት፣ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ፍላጎቶች በአንድ የዕቅድ ሰነድ እንዲጠቃለሉ አደረገ። ሆኖም በሰነዱ ውስጥ የትምህርቱ አቅርቦት በአንድ ክፍል፣ የጤናው አቅርቦት በሌላ ክፍል ይጻፋል። ሰነዱ አንድ ሲሆን ገንዘብ ያዡ አሁንም ሁለት ነው። የነርሷ ደመወዝ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

2. ሥራው በትክክል ሲታይ

የትምህርት ቤት ነርስ ሲባል የወደቀ ልጅ ቁስል የምታጥብና ራሱን ያመመውን የምታሳርፍ ሠራተኛ ብቻ በአሳብ ትመጣለች። የልዩ ትምህርት ቤት ነርስ ሥራ ግን ከዚህ የራቀ ነው። በሆዳቸው በገባ ቱቦ የሚመገቡ፣ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸው፣ ሽንታቸው በካቴተር የሚወጣ፣ በሚጥል በሽታ ምክንያት በማንኛውም ደቂቃ የአስቸኳይ መድኃኒት ሊሰጣቸው የሚገባ ሕፃናት በአንድ ትምህርት ቤት ይሰበሰባሉ።

በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ነርሷ ስትጨነቅ የምትጠራው ሐኪምና የሥራ ጓደኛ በቅርብ አላት። በትምህርት ቤት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ብቸኛዋ የጤና ባለሙያ እርሷ ናት። አንድ ሕፃን መንቀጥቀጥ ሲጀምረው የሚሰጠውን መድኃኒት፣ የሚጠበቀውን ደቂቃና አምቡላንስ የሚጠራበትን ጊዜ የምትወስነው ራሷ ናት።

ከዚህም በላይ ሥራዋን ለሌሎች ታስተምራለች። የመምህር ረዳቶች ሕፃናትን በቱቦ እንዲመግቡ፣ መድኃኒት እንዲሰጡ፣ የአደጋ ምልክት እንዲለዩ የምታሠለጥናቸውና ብቃታቸውን የምታረጋግጠው እርሷ ናት። በአገሪቱ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት ሥራን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሰጠ ነርስ ስለ ውሳኔው ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ኀላፊነቷ በሁለት እጇ በምትሠራው ብቻ ሳይወሰን በየክፍሉ በሌሎች እጅ እስከሚሠራው ድረስ ይዘረጋል።

3. የማስታወቂያው ቁጥርና እጅ የሚገባው ገንዘብ

የብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሠራተኞች ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አጀንዳ ፎር ቼንጅ በተባለው ሥርዓት ይመራል። በዚህ ሥርዓት ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 9 ያሉ እርከኖች ተዘርግተዋል። አዲስ የተመረቀች ነርስ በደረጃ 5 ትጀምራለች። የልዩ ትምህርት ቤት ነርስ ሥራ እንደየቦታው በደረጃ 5 ወይም በደረጃ 6 ይመደባል፤ ቡድን የምትመራዋ ደግሞ ደረጃ 7 ልታገኝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2025/26 በእንግሊዝ የደረጃ 5 ደመወዝ በዓመት ከ31,049 እስከ 37,796 ፓውንድ፣ የደረጃ 6 ደግሞ ከ38,682 እስከ 46,580 ፓውንድ ነበር።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ሰባት ዓመት ያገለገለችና በደረጃ 5 የመጨረሻ እርከን ላይ የምትገኝ የሆስፒታል ነርስ እንውሰድ። መሠረታዊ ደመወዟ 37,796 ፓውንድ ነው። በሥርዓቱ መሠረት በዚህ ደረጃ ለሌሊትና ለቅዳሜ ሥራ በሰዓት ክፍያው ላይ 30 በመቶ፣ ለእሑድና ለሕዝብ በዓላት 60 በመቶ ይጨመራል። በየሳምንቱ በአማካይ 10 የሌሊት ወይም የቅዳሜ ሰዓትና 5 የእሑድ ሰዓት ብትሠራ ጭማሪው በዓመት ወደ 6,000 ፓውንድ ይደርሳል። ጠቅላላ ገቢዋም፣ ግብር ሳይነሣለት፣ ወደ 43,800 ፓውንድ ይጠጋል።

ይህች ነርስ የደረጃ 6 የልዩ ትምህርት ቤት ሥራ አግኝታ በደረጃው የመጀመሪያ እርከን ብትመደብ ማስታወቂያው 38,682 ፓውንድ ይላታል። በወረቀት ሲታይ ዕድገት ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ በሌሊትና በእሑድ ስለማይሠራ ጭማሪው በሙሉ ይቀራል። ቀጥሎም ውሉ «በትምህርት ሳምንታት ብቻ» የሚል ከሆነ ደመወዙ በዓመቱ ውስጥ በምትሠራባቸው 39 ሳምንታት ልክ ይቀነሳል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 29 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድና 8 የሕዝብ በዓላት ስላሉት ሙሉውን ዓመት የሚሠራው ሰው በተግባር የሚሠራው 44.7 ሳምንታት ያህል ነው። 39 ሳምንት ለዚህ ሲካፈል 87 በመቶ ይሆናል። የስሌቱ ዝርዝር ከቀጣሪ ቀጣሪ ጥቂት ቢለያይም ነርሷ የምታገኘው ደመወዝ በዓመት ወደ 33,700 ፓውንድ ይወርዳል።

በደረጃ ከፍ ብላ በገቢ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ዝቅ አለች ማለት ነው። ጕዳቱም በዚህ አያበቃም። የጤና አገልግሎቱ ጡረታ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ጡረታ ከሚታሰብበት ገቢ አንድ ሃምሳ አራተኛውን ያስቀምጣል። የሌሊትና የበዓል ጭማሪውም ለጡረታ ይታሰባል። ስለሆነም በዚህ ምሳሌ መሠረት አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ስትሠራ ወደፊት በየዓመቱ ከምትቀበለው ጡረታ ወደ 187 ፓውንድ ታጣለች። አሥር ዓመት ብትቆይ ጕድለቱ በዚያው ልክ ይበዛል።

4. መምህሩና ነርሷ በአንድ ክፍል

እዚህ ላይ ለትምህርት ሰዎች ግልጽ ሆኖ የሚታይ ንጽጽር አለ። በእንግሊዝ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የሙሉ ጊዜ መምህር በዓመት 195 ቀን ለሥራ እንዲገኝ ይገደዳል። 39 ሳምንት በአምስት ቀን ሲባዛም 195 ቀን ይሆናል። ሁለቱ በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ቀን ለዕረፍት ይዘጋሉ። የመምህሩ 195 ቀን «ሙሉ ጊዜ» ሲባል የነርሷ 195 ቀን ግን የሙሉ ጊዜ ክፋይ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2025/26 ከለንደንና ከአካባቢዋ ውጭ የጀማሪ መምህር ደመወዝ 32,916 ፓውንድ ነበር። ሰባት ዓመት ያገለገለችውና ዕድገት ያገኘችው ነርስ ከጀማሪው መምህር የምትበልጠው በ800 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። በመንግሥት ልዩ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ደግሞ የልዩ ፍላጎት ትምህርት አበል በብሔራዊ ደንብ ይሰጠዋል። ይህ አበል ሲጨመርበት ጀማሪው መምህር ከነርሷ ይበልጣል። ለነርሷ በዚህ ስም የተደነገገ ብሔራዊ አበል የለም።

ይህ ሲባል መምህሩ የሚያገኘው በዛ ለማለት አይደለም። የመምህሩ አበል የተደነገገው ልዩ ትምህርት ቤት ልዩ ችሎታና ልዩ ጽናት እንደሚጠይቅ ስለታመነበት ነው። ያው ትምህርት ቤት ከነርሷ የሚጠይቀው ችሎታና ጽናት ከዚህ የሚያንስበት ምክንያት አይታይም። የልዩነቱ መነሻ የሁለቱ ደመወዝ በሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ላይ መወሰኑ ብቻ ነው። የመምህሩ ስኬል ሲሠራ የትምህርት ቤቱ ካላንደር ታስቦበታል፤ የነርሷ ስኬል የተሠራው ግን ዓመቱን ሙሉ በሩ ለማይዘጋው ሆስፒታል ነው።

5. ደረጃው የሚመዘንበት መንገድ

በአጀንዳ ፎር ቼንጅ የሥራ ደረጃ የሚወሰነው በ16 መመዘኛዎች ነው። ከእነዚህም መካከል ዕውቀት፣ የውሳኔ ነጻነት፣ የስሜት ጫናና የሥራ አካባቢ ይገኙበታል። በመርህ ደረጃ ሥርዓቱ ሥራውን እንጂ ሠራተኛውን ስለማይመዝን ፍትሓዊ ነው። በኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ የሚታወቀው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰንም ከዚህ መርህ የራቀ አይደለም።

ጉድለቱ ያለው መመዘኛው በሚቀርብለት ወረቀት ላይ ነው። የሚመዘነው በሥራ መዘርዝሩ የተጻፈው ነው። መዘርዝሩ «መድኃኒት ትሰጣለች፣ መዝገብ ትይዛለች፣ ከወላጆች ጋር ትገናኛለች» ብሎ ካቆመ ብቻዋን የምትወስነው ውሳኔ፣ የምታሠለጥናቸው ረዳቶችና የምታረጋግጠው ብቃት በሚዛኑ ላይ አይወጡም። የዚህ ዓይነቱ መዘርዝር ውጤት ደረጃ 5 ሊሆን ይችላል። ያው ሥራ በሚገባ ተጽፎ ቢቀርብ ደረጃ 6 የሚያሰጥ ይሆናል። የሁለት ነርሶች ደመወዝ በሥራቸው ሳይሆን በጸሓፊው ብዕር ሊለያይ እንደሚችል ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

6. ቀጣሪው ማን ነው?

ሌላው የግራ መጋባት ምክንያት የቀጣሪው ማንነት ነው። አንዳንዶቹ ነርሶች የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ሠራተኞች ሆነው በትምህርት ቤት ይመደባሉ። ሌሎቹን ትምህርት ቤቱ ራሱ ይቀጥራቸዋል። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ትምህርት ቤት የቀጠራቸው ነርሶች የአጀንዳ ፎር ቼንጅ መብት የላቸውም፤ ጡረታቸውም በአካባቢ መስተዳድር ሠራተኞች የጡረታ ዕቅድ ሊሆን ይችላል። ይህ ዕቅድ ደካማ አይደለም፤ በየዓመቱ ከገቢው አንድ አርባ ዘጠነኛውን ያስቀምጣል። የግል ልዩ ትምህርት ቤት ሲሆን ግን ቀጣሪው በሕግ የሚገደደው ዝቅተኛ መዋጮ ጡረታ ከሚታሰብበት ገቢ 3 በመቶ ብቻ ነው። የጤና አገልግሎቱ ቀጣሪ መዋጮ ከ2024 ጀምሮ 23.7 በመቶ ነው። ስለዚህ የግል ትምህርት ቤት የሚያቀርበው ደመወዝ በቁጥር ከፍ ቢል እንኳ ከጡረታው ጋር ካልተመዛዘነ ያሳስታል።

የዓመት ፈቃድ አቈጣጠርም አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርፐር ትረስትና በብራዝል መካከል በነበረው ክርክር ውሳኔ ሰጠ። ከሳሿ በትምህርት ሳምንታት የምትሠራ የሙዚቃ መምህርት ነበረች። ፍርድ ቤቱም ዓመቱን በሙሉ በቋሚ ውል ሥር የሚገኝ ሠራተኛ የተወሰኑ ሳምንታት ባይሠራም በሕግ የተወሰነው የ5.6 ሳምንት ፈቃድ በዚያ ምክንያት አይቀነስበትም አለ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ደንቡን አሻሽሎ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ወዲህ ለሚጀምሩ የፈቃድ ዓመታት የከፊል ዓመት ሠራተኞች ፈቃድ በተሠራው ሰዓት 12.07 በመቶ እንዲታሰብ ፈቀደ። የሕግ ባለሙያዎችን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያደረሰ ስሌት በአንዲት ነርስ የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፎ እንዲሄድ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

7. በተቃራኒው የሚቀርበው አስተያየት

አከፋፈሉን የሚደግፉ ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ነርሷ 13 ሳምንታት ከትምህርት ቤት ውጭ ትሆናለች፤ ባልሠራችው ሥራ ሊከፈላት አይገባም ይላሉ። የሌሊት ጭማሪውም ሌሊት ለመሥራት የሚከፈል እንጂ ለነርስነቱ የሚከፈል አይደለም። ልጆቿ ከትምህርት ቤት በሚያርፉበት ጊዜ ከእነርሱ ጋር መሆን፣ ሌሊት መተኛትና የእሑድን ቀን በቤት መዋል ዋጋ አላቸው። ከሆስፒታል ድካም ሸሽታ ለመጣች ነርስ እነዚህ ከገንዘብ ሊበልጡ ይችላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በመሠረታዊው የሰዓት ክፍያ ረገድም ነርሷ የምታጣው የለም።

ነገር ግን መከራከሪያው ሁለት ነገሮችን ይዘላል። አንደኛ፣ ሥራው ከትምህርት ሳምንታት ጋር አያልቅም። የእንክብካቤ ዕቅዶች ከአዲሱ የትምህርት ዓመት በፊት መታደስ፣ መሣሪያና መድኃኒት መሟላት፣ አዲስ ረዳቶችም ሕፃናቱ ከመምጣታቸው አስቀድሞ መሠልጠን አለባቸው። ለዚህ ጊዜ በውሉ ካልተያዘ ሥራው በነጻ ይሠራል፤ ወይም የመጀመሪያው ሳምንት ሕፃናቱ ያለ ዝግጅት የሚቀበሉበት ሳምንት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዕረፍትን እንደ ደመወዝ አድርጎ ማቅረብ ሥራውን ሌላ ገቢ በቤቱ ላለው ሰው ብቻ እንዲስማማ ያደርገዋል። ብቻዋን ቤተሰብ የምታስተዳድር ነርስ፣ ችሎታዋና ፍላጎቷ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ልትመርጠው አትችልም።

ሥርዓቱ ራሱ መፍትሔውን አልከለከለም። ሠራተኛ ለመሳብና ለማቆየት እስከ መሠረታዊው ደመወዝ 30 በመቶ የሚደርስ የአካባቢ ጭማሪ እንዲከፈል ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ጭማሪውን የሚከፍለው የጤናው በጀት፣ የነርሷ መጥፋት የሚጎዳው የትምህርቱ ሥራ ነው። ከፋዩ ጉዳቱን አያይም፤ ጉዳቱን የሚያየውም የመክፈል ሥልጣን የለውም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የልዩ ትምህርት ቤት ነርስ ደመወዝ የሚቈረጠው በትምህርት ቤቱ ካላንደር ነው፤ ሥራዋ የሚለካው ግን በሕፃኑ ሕመም ነው። ሕመሙ ከበድ እያለ ሲሄድ ካላንደሩ አይለወጥም።

ወደዚህ ሥራ ለመዛወር የምታስብ ነርስ ልትጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች አሉ። የሳምንቶቹ ቁጥር ስንት ነው? የዓመት ፈቃዱ የታሰበው በምን ስሌት ነው? ቀጣሪው ማን ነው፤ ጡረታውስ የቱ ነው? የሥራ መዘርዝሩ ብቻዋን የምትሸከመውን ውሳኔና ለሌሎች የምትሰጠውን ሥልጠና ይጠቅሳል? ከትምህርት ሳምንታት ውጭ ለዝግጅት የተያዘ የሥራ ቀን አለ? የእነዚህ መልስ በጽሑፍ ከተሰጠ ደመወዙ ቢያንስ እንኳ ነርሷ ዐውቃ ትገባበታለች። ቀጣሪውም በማስታወቂያው ላይ ከሙሉ ጊዜው ደመወዝ ጎን በእርግጥ የሚከፈለውን ገንዘብ ቢጽፍ የሚያጣው ነገር የለም፤ ዐውቆ የገባ ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ አይወጣምና።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚተርፈው ትምህርት ከዚህ ይሰፋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ፣ በ2012 ደግሞ የትምህርት ቤት ጤናና ሥነ ምግብ ስትራቴጂ ወጥተዋል። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ ሕፃን ላይ ሲገናኙ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ሕፃኑ በትምህርት መሥሪያ ቤት ዕቅድ ውስጥ ሲገባ የሚንከባከበው የጤና ባለሙያ በማን ዕቅድ ውስጥ ይገባል? እንግሊዝ ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1974 ሁለት የማይገናኙ መልሶች ሰጥታ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስትጠግን ኖራለች። መዋቅሩ ገና በሚተከልበት አገር የባለሙያዋ የሥራ መደብ፣ ደረጃና የሥራ ሳምንታት ከትምህርት ቤቱ ዕቅድ ጋር በአንድ ጊዜና በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢወሰኑ ወጪው ያነሰ፣ ክፍሉም ባዶ ወንበር የሌለበት ይሆናል።